የአሥራ አንደኛ «ቢ» ጄሪካን

2012 ዓ.ም፣ የካቲት ወር። ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲቪክስ አስተምራለሁ። ነሐሴ ላይ አገራዊ ምርጫ ይደረጋል ስለተባለ የሰዉ ወሬ ሁሉ ምርጫ ነበር። በኋላ ኮሮና መጥቶ ተራዘመ እንጂ። የወረዳና የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ደግሞ ከ2005 ወዲህ አልተደረገም ነበር። ተማሪዎቼ ያኔ ትንንሽ ልጆች ነበሩ። ሰው ተሰልፎ የራሱን ከተማ ምክር ቤት ሲመርጥ አያስታውሱም።

ስለዚህ የአሥራ አንደኛ «ቢ»ን የክፍል አለቃ በደንቡ እናስመርጥ አልኩ። እጅ በማውጣት ሳይሆን በወረቀት። የብስኩት ካርቶን አፉን በፕላስተር አሽገን ከላይ በምላጭ ሰነጠቅነው። ሰሌዳው ላይ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 38 ሐሳብ ጻፍኩ። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በዘር፣ በብሔር፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግበት የመምረጥና የመመረጥ መብት አለው ይላል። ከሥሩ በትልልቁ «ድምፅ ሚስጥር ነው» ብዬ ጨመርኩበት።

ከዚያ በፊት በነበረው ክፍለ ጊዜ የቺካጎን ታሪክ ነግሬያቸው ነበር። በ1983 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሃሮልድ ዋሽንግተን የሚባል ጥቁር ፖለቲከኛ ለከንቲባነት ተወዳደረ። ያኔ ከከተማዋ ሕዝብ ጥቁሮቹ 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ቺካጎ ውስጥ የዴሞክራቶች ዕጩ የሆነ ሰው ማሸነፉ ያለቀለት ጉዳይ ነበር። ዕጩው ጥቁር ሲሆን ግን ብዙ ነጭ ዴሞክራቶች ፓርቲያቸውን ትተው ወደ ሪፐብሊካኑ በርናርድ ኤፕተን ዞሩ። ዋሽንግተን ያሸነፈው በ48 ሺህ ድምፅ ገደማ ነው። የጥቁሮቹ ድምፅ ብቻውን አይበቃውም ነበር። ላቲኖዎቹና በሐይቁ ዳር ሰፈሮች የሚኖሩ ነጮች ጨመሩለት። «አያችሁ፣ የሰው ድምፅ በቆዳው አይታወቅም» አልኳቸው። ከልቤ ነበር ያልኩት።

ሸዋ ሮቢትን የሚያውቅ ያውቃል። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ የሚገናኝበት ቆላ ነው። ክፍሌም እንደዚያው ነበር። 52 ተማሪዎች፣ ሦስት ዕጩዎች፣ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት። ዕጩዎቹ ተራ በተራ ወጥተው ሲናገሩ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር። ዓምድ አስምሬ፣ ስማቸውንና ሰፈራቸውን እያየሁ፣ ማን ለማን እንደሚሰጥ ገመትኩ። ልጅቷን ከወገኗ የሚመርጣት ሰባት ተማሪ ቢሆን ነው ብዬ 7 ጻፍኩላት።

ቆጠራው ተጀመረ። አንድ ልጅ ወረቀቱን እየዘረጋ ያነባል፣ ሌላው በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ያሰምራል። አራት ቀጥ ያለ መስመር፣ አምስተኛው አግድም። የልጅቷ መስመር እየረዘመ ሄደ። 25፣ 16፣ 11። አሸነፈች።

ተገረምኩ። ከአፌ የወጣው ግን የመምህር ነገር አልነበረም። ከፊት ወደተቀመጡት ዞሬ፣ «እናንተ ልጆች፣ የራሳችሁን ልጅ ትታችሁ ነው እንዴ የመረጣችኋት?» አልኩ።

ክፍሉ ጭጭ አለ። ከፊት ዴስክ ላይ ያለች አንዲት ልጅ በጣቷ ወደ ሰሌዳው አሳየችኝ። «ቲቸር፣ ሚስጥር ነው ብለው ጽፈዋል እኮ።»

ጽሑፉ እዚያው ነበር። በእጄ የጻፍኩት።

ይህ ቢያልፍ ደግ ነበር፤ አላለፈም። ጥያቄዬ ክፍሉ ውስጥ ቀረ። በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ «ከኛ ውስጥ ማነው የሰጣት?» መባባል ጀመሩ። አብረው ይቀመጡ የነበሩ ሁለት ልጆች ዴስክ ቀየሩ። የቺካጎን ታሪክ ሌላውን ግማሽ ያኔ ነው ያስታወስኩት። ዋሽንግተን ካሸነፈ በኋላ ከ50 የምክር ቤት አባላት 29ኙ ተደራጅተው ሥራውን ያግዱበት ነበር፤ ሹመቱን ሳይቀር። የአሰላለፉ መሠረት በአብዛኛው ዘር ነበር። ከተማዋ ሦስት ዓመት በዚህ ተጎተተች። እኔ ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር 29 ለ21 ክፍሌ ውስጥ አመጣሁ።

ስታፍ ገብቼ ለአንድ አንጋፋ መምህር ነገርኳቸው። ብዙ አልወቀሱኝም። «ልጅቷ ምን ብላ ነበር የተመረጠችው?» አሉኝ ብቻ።

መልስ አልነበረኝም። ስትናገር ደብተሬ ላይ ነበርኩ።

ክፍሉን ጠየቅኩ። የውሃ ነገር ነበር። የግቢው ቧንቧ ጠዋት ብቻ ነው የሚመጣው፤ የከሰዓት ፈረቃ በዚያ ወበቅ ደረቅ ቧንቧ ነው የሚጠብቀው። ልጅቷ ሁለት ጄሪካን ከቤት አመጣለሁ፣ የጠዋት ፈረቃዎቹ እንዲሞሉልን አነጋግራለሁ፣ ተራ አወጣለሁ ብላ ነበር። ወንዶቹ ዕጩዎች ስለ ዲሲፕሊን ነው የተናገሩት። የተጠማ ልጅ ማንን ይመርጣል?

ጄሪካኖቹን በእርግጥም አመጣች። በዚያ ሁለት ሳምንት ግን ተራውን የሚያከብር ጠፋ። «የነሱ አለቃ ናት» አሉ አንዳንዶቹ። ይሄ ቃል ከምርጫው በፊት በዚያ ክፍል ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ደብተሬን ይዤ ገባሁ። ገምቼ የጻፍኩትን ገጽ ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ እያንዳንዳቸውን በስማቸው ከፋፍዬ እንደነበር። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ልጅቷንም በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

ከኋላ አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እኔን የት ጋ ነበር ያደረጉኝ?»

ነገርኩት።

«እናቴ እኮ አርጎባ ናት» አለ። «አባቴ አማራ ነው። አያቴ ደግሞ ኦሮምኛ ነው የምታወራው።» ክስ አልነበረም፤ ዝም ብሎ ማወቅ ፈልጎ ነው። ደብተሬን አየሁ። ለእሱ የሚሆን ዓምድ አላሰመርኩም ነበር።

ደወሉ ተደወለ። ልጁ ሲወጣ በሩ ጋ ካሉት ጄሪካኖች አንዱን ብድግ አድርጎ ሄደ። ተራው ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም።