ሙሉውን ነው የቀበርነው?

ዛሬ የአጎቴ ሙት ዓመት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይሰብራል። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ እንደገና ጠየቀችኝ። «ወንድሜን ሙሉውን ነው የቀበርነው?»

ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ጥያቄ ነው።

አጎቴ ተኝቶ አደረና ሳይነሳ ቀረ። ከሁለት ቀን በፊት ከጎረቤቱ ጋር በእርሻ ድንበር ተያይዘው በገላጋይ ነው የተላቀቁት። «ደብድቦ ገደለው» ተባለ። ፖሊስ ጎረቤቱን አሰረ። አስከሬኑም ለምርመራ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ። ስንረከበው ከጆሮው እስከ ጆሮው፣ በአናቱ ላይ አልፎ፣ በወፍራም ክር ተሰፍቷል። ስፌቱ እኩል ነበር፤ ሰውዬው ተጠንቅቆ እንደሰፋ ያስታውቃል። እማዬ ግን ክሩን ካየች በኋላ ሌላ ነገር አላየችም። ቁጭ አድርጎ ያስረዳን አልነበረም። ፈርመን ወሰድን። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ውጤቱ ከወራት በኋላ መጣ። አንድ ሐኪም ጓደኛዬ አነበበልኝ። ከአንጎሉ ጠንካራ ሽፋን ሥር ደም ተጠራቅሟል፤ ግን ትኩስ ደም አይደለም። ደም እዚያ ከቆየ ሰውነት ስስ ሽፋን ያለብሰዋል። ያ ሽፋን በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደሙ ስንት ጊዜ እንደቆየ ይናገራል። የአጎቴ የሁለት ቀን ሳይሆን የሳምንታት ነበር።

ያኔ በቅሎዋ ትዝ አለችኝ። ከመሞቱ ሦስት ሳምንት በፊት ጥላው ነበር። «ደህና ነኝ» ብሎ አቧራውን አራግፎ ተነሳ። ሰው ሲያረጅ አንጎሉ ይሟሽሻል፤ ደም ሥሮቹ ይወጠራሉ፤ በትንሽ ግጭት ይበጠሳሉ። ደሙ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሰውየው እየበላ እየጠጣ፣ «ራሴን አመመኝ» እያለ ይከርማል። አጎቴም እንዲያ ሲል ነበር። ቡና አፍልተን እንሰጠው ነበር።

ጎረቤታችን ተፈታ።

ከወረቀቱ ግርጌ ግን አንድ መስመር አለች፦ ለምርመራ ናሙና ተወስዷል።

እማዬ የመንዝ ልጅ ናት። በሚያዝያ 1931 ጣሊያን በመርዝ ጋዝ የፈጃቸውን፣ አመፀኛ ዋሻ በሚባለው ዋሻ ውስጥ የተጠለሉትን ሰዎች እየሰማች ነው ያደገችው። አፅማቸው እዚያው ዋሻው ውስጥ ቀረ። አፈር ያልለበሰ ሰው ለእሷ ተረት አይደለም።

«ሁሉም አፈር ሆኗል» ብዬ ልገላገል አስቤ ነበር። ውሸት ይሆንብኛል። አንጎል ቶሎ ከሚፈርሱት አንዱ ነው ይባላል፤ ግን በ2008 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ዮርክ አጠገብ ከጭቃ በወጣ የራስ ቅል ውስጥ የ2,600 ዓመት ገደማ አንጎል ተገኝቷል። ፎርማሊን የሚባለው ናሙና እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፈሳሽ የነካው ደግሞ በቀላሉ አይበሰብስም። ለማይክሮስኮፕ የሚቆረጠው ቁራጭ ሰም ውስጥ ይደረግና ለዓመታት ይቀመጣል።

ሁለተኛው ቡና ላይ ነገርኳት። የጥፍር ያህል ቁራጭ መሆኗን፣ ጎረቤታችንን ያስፈታችው እሷ መሆኗን።

ሲኒውን ይዛ ቆየች። «ሰም ውስጥ? እንደ ጧፍ?»

«አዎ እማዬ።»

«ሥራዋን ከጨረሰች ይስጡንና ከጎኑ እናሳርፋት» አለች።

ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ አዲስ አበባ እወርዳለሁ።