ላይኛው ክር እምቢ ያለ ቀን

ደሴ ውስጥ አንድ የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ መምህር ኃይል ካላስገደደው በስተቀር ነገር ሁሉ ባለበት ሁኔታ ይቀጥላል የሚለውን የኒውተንን አንደኛ ሕግ በድንጋይና በክር ሊያሳይ ተነሳ። ግማሽ ኪሎ የሚሆን ድንጋይ ከጣሪያው ወራጅ ላይ በክር ይንጠለጠላል፤ ከድንጋዩ ሥር ያው ዓይነት ክር ይታሰርና ጫፉ ላይ አጭር እንጨት ለእጀታ ይደረግለታል። ታችኛውን ክር ቀስ ብለው ሲስቡት ላይኛው፣ መንጭቀው ሲስቡት ታችኛው መበጠስ አለበት።

ቀስ ብሎ ሳበ፤ ላይኛው ተበጠሰ። እንደገና አሰረና "አሁን ደግሞ ታችኛው" ብሎ መነጨቀው። ድንጋዩ ሲሚንቶው ላይ ዷ!

"ቲቸር፣ ላይኛው ነው እኮ የተበጠሰው!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቢደግመውም ያው ሆነ።

በእረፍት ሰዓት የላብራቶሪው ሠራተኛ ክሩን በጣቶቹ ወጠር ለቀቅ አድርጎ አየው። "አብሽር፣ ጥፋቱ የክሩ ነው" አለ። ከሸዋ በር የተገዛ ናይለን ነበር። ናይለን ይለጠጣል፤ እጅ ወደ ታች ሲወርድ ታችኛው ክር ሳይበጠስ እየረዘመ ጊዜ ይሰጣል፣ በዚያ ጊዜ ድንጋዩ ዝቅ ብሎ ላይኛውን ይወጥረዋል። ምንጨቃው ቀስ ብሎ መሳብ ሆነ ማለት ነው።

በማግስቱ ጋቢ ከሚሠራበት ቤት የመጣች ተማሪ ፈትል ይዛ መጣች። ማግ ልል ስለሆነ አይሆንም፤ የሚሻለው ጠንከር ብሎ የተፈተለው ድር ነው፣ እሱም ተገምዶ። ስንት ፈትል ይገመድ የሚለውን መለኪያው ራሱ ድንጋዩ ነው፤ አንዱን ችሎ ሌላ እኩያው ሲጨመርበት የሚበጠስ ከሆነ ልክ ነው። ድንጋዩን በቀጥታ በክሩ ማሰር ግን አይገባም፣ ጠርዙ ይቆርጠዋል። ወገቡን በሲባጎ ጥብቅ አድርጎ ጠምጥሞ ሁለቱን ክሮች እዚያ ላይ ማሰር ይሻላል። ክር ደግሞ ቋጠሮው ላይ ነው ቶሎ የሚበጠሰው፤ ስለዚህ ከመቋጠር በፊት ሦስት አራት ዙር ማዞር። የሳቢው እጅ ከድንጋዩ ሥር ስለሚሆን፣ ከላይኛው ክር በ5 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ላላ ያለ ሲባጎ ከወራጁ ወደ ድንጋዩ ይታሰራል። ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

በአዲሱ ክር መነጨቀው፤ ታችኛው ብጥስ አለ፣ ድንጋዩ እዚያው ቀረ።

"ድንጋዩ ከባድ ስለሆነ ነው አይደል?" አለ አንዱ ከኋላ።

ጥሩ ስህተት ነው። ክብደቱማ የሚጎትተው ላይኛውን ነው፤ ላይኛው 5 ኒውተን ገደማ ተሸክሞ እጅ ሳይነካው ወደ መበጠሱ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ያዳነው የድንጋዩ መጠነ ቁስ ነው፣ ባለበት ለመቆየት የሚያሳየው እምቢታ። መምህሩ ብዙ አልተናገረም፤ ድንጋዩን አውርዶ ሎሚ የማታክል ጠጠር በቦታው አሰረና ልጁን ራሱን ጠርቶ አስመነጨቀው። አንዴ ላይኛው፣ አንዴ ታችኛው ተበጠሰ፤ የትኛው እንደሚቀድም መገመት የቻለ አልነበረም።