መዳፌ ላይ የጻፍኩት ስም

ትናንት አምሽቼ ገባሁ። እጄን ልታጠብ ቧንቧውን ከከፈትኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ቶሎ ዘጋሁት። ግራ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ የጻፍኩት ስም አለ። መጀመሪያ እዚህ ማስታወሻ ላይ ገለበጥኩት፣ ከዚያ ታጠብኩ።

ስሙ ትኬት የቆረጥኩለት ሰው ስም አይደለም። ከእሱ በፊት መድረኩን ለማሟሟቅ ብቻዋን የወጣች ልጅ ናት። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ድራም ማሽን (የከበሮ ምት የሚያወጣ፣ ድምፅም ቀድቶ የሚደጋግም)፣ አንድ ትንሽ ኪቦርድና አንድ ማይክ ብቻ ነበር። ሰው ገና እየገባ ነው። የገባውም ወሬ ላይ ነው። እሷ ማንንም ዝም በሉ አላለችም። አጭር ዜማ አንጎራጎረች፣ ማሽኑ ቀድቶ ያዞረው ጀመር። በላዩ ሁለተኛ ድምፅ ጨመረች። ሦስተኛውን ስትጨምር ሳተች፤ የግማሽ ምት ያህል ዘገየች።

ትሰርዘዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሰረዘችውም። ስህተቱ ዞሮ መጣ፣ እንደገና ዞሮ መጣ። በአራተኛው ዙር ሰውነቴ ያቺን የዘገየች ምት መጠበቅ ጀመረ። በስድስተኛው ዙር ዘፈኑን የያዘችው ያቺው ምት ሆነች። ከጎኔ የቆመውን ሰውዬ እስክሪብቶ የለመንኩት ያኔ ነው።

ዛሬ ጠዋት የወደድኳቸውን ዘፈኖች አንድ በአንድ ሳስብ አንድ ነገር ገረመኝ። ሁሉም ማለት ይቻላል መጀመሪያ ሲጫወቱ ያየኋቸው ናቸው። ስልኬ መርጦ የሚያጫውተኝ ዘፈን በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ስሙን እንኳ ሳላይ ቀጣዩ ይጀምራል። ሰው ሲሠራው ያየሁት ዘፈን ግን አብሮኝ ይከርማል።

ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ለብዙ ዓመት አልገባኝም ነበር። «አንድ ነገር ነው የሚደጋግሙት» እል ነበር። አንድ ወዳጄ ነው ዳፍት ፐንክ የሚባሉትን የፈረንሳይ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞች «አራውንድ ዘ ወርልድ» ክሊፕ የላከልኝ። «ዘፈኑን ተወው፣ ሰዎቹን እይ» አለኝ። ሚሼል ጎንድሪ የሚባል ዳይሬክተር በ1997 የሠራው ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ክብ መድረክ ላይ አምስት ዓይነት ተወዛዋዦች አሉ። ስፖርተኞቹ ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ይወጣል ይወርዳል። ሴቶቹ ኪቦርዱን ይዘዋል፣ አጽሞቹ ጊታሩን። በጨርቅ የተጠቀለሉት ሙሚዎች ድራም ማሽኑ ናቸው። ሮቦቶቹ ደግሞ የሚዘፍነው ድምፅ። አንዱ ድምፅ ሲቋረጥ የእሱ ተወዛዋዦች ያርፋሉ። ሲመለስ ይመለሳሉ።

ክሊፑን ሦስት ጊዜ አየሁት። አራተኛውን ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። ቤዙ ሲመጣ ደረጃው ታየኝ። ድግግሞሽ ያልኩት ነገር ውስጥ አምስት ሰፈር ሙሉ ሰው እየኖረ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላየሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ቢት ስሰማ ማን የት እንደቆመ እፈልጋለሁ።

ክሊፕ ሁሉ ግን እንዲህ አያደርግም። መኪና፣ ጭስ፣ ጭፈራ፣ በየሰከንዱ የሚቀያየር ምስል፤ አይቼው ስጨርስ ዘፈኑን አላስታውሰውም። የምወደው እጅ የሚታይበትን ነው። ጣቱ የቱን ቁልፍ እንደሚነካ፣ ራፐሩ ከየትኛው ስንኝ በፊት አየር እንደሚስብ።

ስለዚህ ነው የአሜሪካውን ሬዲዮ የኤንፒአርን ታይኒ ዴስክ፣ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ጋ የሚቀረጸውን አጭር ኮንሰርት፣ እንዲህ የምወደው። አጀማመሩን ሳውቅ ደግሞ ይበልጥ ወደድኩት። በ2008 የሬዲዮው ሰዎች ቦብ ቦይለንና ስቲቨን ቶምፕሰን ሎራ ጊብሰን የምትባል ዘፋኝ ሊሰሙ ሄዱ። ድምጿ ለስላሳ ነው፤ የቤቱ ጫጫታ ዋጠው። ቶምፕሰን «ለምን መጥተሽ ቢሯችን ውስጥ፣ ጠረጴዛው ጋ አትዘፍኚልንም» የሚል ቀልድ ጣል አደረገ። ቀልዱ እውነት ሆነ፣ ጥቂት ሳምንት ቆይታ ከቦይለን ጠረጴዛ ኋላ ቆማ ዘፈነች። ትናንት አዳራሹ ሲንጫጫ ይሄ ታሪክ በአእምሮዬ ተመላለሰ። ያቺም ልጅ ያ ጠረጴዛ ይገባታል።

አሜሪካዊውን ዘፋኝ ቲ-ፔይንን ያወቅኩትም እዚያው ጠረጴዛ ጋ ነው። አላውቀውም ነበር ስል ዘፈኖቹን አልሰማሁም ማለቴ አይደለም። የእሱ ነገር ድምፅን እንደ ማሽን የሚያደርገው አውቶ-ቲዩን ነው፣ ሁሉም የሚያውቀው በእሱ ነው። እኔም ያለ እሱ መዝፈን አይችልም ብዬ ደምድሜ ነበር። በ2014 አንድ ኪቦርድ አጃቢ ብቻ ይዞ ተቀመጠና ያለምንም ማሽን ዘፈነ። ሙሉ፣ ሞቃት፣ ንጹሕ ድምፅ። አፍሬ እንደነበር አስታውሳለሁ። ማሽኑን ጉድለት መሸፈኛ አድርጌ ነበር የማየው፤ ለካ ወድዶ የመረጠው ቀለም ነው። የድሮ ዘፈኖቹን እንደገና ስሰማቸው ከማሽኑ ኋላ ያለው ሰው ይሰማኝ ጀመር።

ፊውቸር አይላንድስ የሚባል ባንድም አለ። በ2014 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ዴቪድ ሌተርማን ሾው ላይ ወጡ፣ ቴሌቪዥን ላይ ሲጫወቱ የመጀመሪያቸው ነበር። ዘፋኙ ሳሙኤል ሄሪንግ ጎንበስ ብሎ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ይጨፍራል፣ ደረቱን ይደቃል፣ ከዚያ ባልታሰበ ቦታ ጎርናና ድምፅ ያወጣል። ዘፈኑን በጆሮ ብቻ ብሰማው ደስ የሚል የሲንተሳይዘር ዘፈን ብዬ አልፈዋለሁ። ፊቱን ካየሁ በኋላ ማለፍ አልቻልኩም። ያ ቀን ከመምጣቱ በፊት ስምንት ዓመት ያህል በየትንሹ መድረክ ሲጫወቱ ኖረዋል። ያ ሁሉ ምሽት ሰውነቱ ላይ ይታያል።

ቪዲዮ የማይሰጠኝ አንድ ነገር ግን አለ። እሱም ቤዝ ነው።

ትናንት ዋናው ሰውዬ ሲወጣ የመጀመሪያውን ምት በጆሮዬ አልሰማሁትም። መጀመሪያ ሱሪዬ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ደረቴ። ዘፈኑን ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ፣ በስልክ። የስልክ ስፒከር ያን ያህል ወፍራም ድምፅ ማውጣት አይችልም፤ ማውጫ ቦታው የለውም። 50 ኸርዝ ላይ ያለ ድምፅ አንዱ ሞገድ ብቻ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል። ትልልቆቹ ስፒከሮች ብዙ አየር የሚገፉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ያን ዘፈን በስልክ ስሰማ የኖርኩት የላይኛውን ግማሽ ነው። ከሥሩ ሌላ ዜማ ነበረበት፣ ራሱን ችሎ የሚሄድ። ትናንት ነው የተዋወቅነው።

በሂፕሆፕ ይሄ ነገር ይብሳል። ዛሬም ድረስ በየቢቱ ሥር የሚጎትት ያ ረጅም ከበሮ ሮላንድ ቲአር-808 ከሚባል ድራም ማሽን የመጣ ነው። ማሽኑ በ1980 ወጣ፣ እንደ እውነተኛ ከበሮ አይሰማም ተባለ፣ 12 ሺህ ያህል ተሠርቶ ቆመ። ገንዘብ ያልነበራቸው ወጣቶች አሮጌውን በርካሽ እየገዙ የራሳቸው አደረጉት። ያ ከበሮ የተወደደው በትልቅ ስፒከር፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው። ሂፕሆፕ ራሱ ከሸክላ በፊት ድግስ ነበር። ዲጄ ኩል ሄርክ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ሂፕሆፕ ተወለደበት የሚባለውን ድግስ ያጫወተው በነሐሴ 1973 ነው። የራፕ ሸክላዎች ገበያ የደረሱት በ1979። ስድስት ዓመት ያህል ሙዚቃውን ለመስማት ዋናው መንገድ እዚያው መገኘት ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ የሆነ ቅናት ይይዘኛል።

አንድ ነገር ለራሴ ላስታውስ፤ የጆሮ መድፈኛ እንዳልረሳ። 100 ዴሲቤል ላይ ያለ መከላከያ ደህና የሚባለው 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ቀኝ ጆሮዬ ይጮኻል። እነዚህን ጆሮዎች ገና እፈልጋቸዋለሁ።

ከትናንቱ የከፋኝ የዚያች ልጅ ድምፅ የተያዘበት መንገድ ነው። ድምፅ አስተካካዩ ሰውዬ ግማሹን ዘፈን ስልኩ ላይ ነበር። ማይኳ ሁለት ጊዜ ጮኸ። እሷ አንዴ ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ ራሷ ከማይኩ ራቅ ብላ ቆማ ቀጠለች። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ቀረብ ብለን ነበር የምንሰማት። ስትጨርስ ዕቃዋን ራሷ ጠቅልላ፣ ገመዱን ክንዷ ላይ ጠምጥማ ወረደች። ስሟን የተናገረችው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ጫጫታው መሃል። ደግማ ብትናገር ምን ነበረበት እያልኩ የፊደሎቹን አጻጻፍ ገመትኩ።

ገምቼ ጽፌው ነበርና ዛሬ ስፈልጋት አላገኘኋትም። አንድ ፊደል ቀየርኩ። አሁንም የለችም። ሁለተኛውን ፊደል ስቀይር መጣች። አንድ ቪዲዮ ብቻ ነው ያላት። መኝታ ክፍሏ ይመስለኛል፣ ከኋላዋ መጋረጃ አለ፣ ጠረጴዛው ያው የትናንቱ ነው። ያንኑ ዘፈን ትጫወታለች።

እዚህኛው ላይ አልሳተችም። ሦስተኛውን ድምፅ ልክ በቦታው አስገባችው። ቆንጆ ነው። እኔ ግን ዘፈኑ ዞሮ እዚያ ቦታ በደረሰ ቁጥር ጣቴ ጠረጴዛውን ይመታል፣ ከእሷ ግማሽ ምት ዘግይቶ።