መልኬን ሳያዩ ቁልፋቸውን የሰጡኝ ሰዎች፦ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ የርቀት የአይ ቲ ሥራ ያገኘሁበት መንገድ

አባቴ በልጅነቱ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማረ ሰው ነው። ከቤቴ ሆኜ ውጭ አገር ላለ ድርጅት ለመሥራት እያመለከትኩ መሆኑን የነገርኩት ዕለት ብዙ አልጠየቀኝም። የሰርቨር (ለብዙ ኮምፒውተሮች አገልግሎት የሚሰጥ ዋና ማሽን) አስተዳዳሪ ሥራ ምን እንደሆነ ሳስረዳው «የቢሮውን ቁልፍ ሁሉ እንደ መያዝ ነው» ብዬው ነበር። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች መልክህን እንኳ ሳያዩ እንዴት ብለው ቁልፋቸውን ይሰጡሃል?» አለኝ።

ያን ቀን የምመልሰው አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ለስምንት ወር ያህል ስፈልግ፣ ስጽፍ፣ ስጠብቅና ስከለከል ቆይቼ ሥራውን ያገኘሁት ለአባቴ ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ካዘጋጀሁ በኋላ ነው። መንገዱን ለሚጀምሩ የጎጃም ልጆች ይጠቅማል ብዬ ከነስህተቱ ልተርከው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ስድስት ዓመት የአይ ቲ ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። አታሚ መጠገን፣ ኬብል መዘርጋት፣ ቫይረስ ማጽዳት፣ የይለፍ ቃሉን የረሳ ሠራተኛ መርዳት የዘወትር ሥራዬ ነበር። ይህን ልምድ የሚንቁ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን አልንቀውም። የተበሳጨን ሰው በትዕግሥት አዳምጦ «ማሽኑ አልሠራም» ከሚለው አቤቱታ ውስጥ እውነተኛውን ችግር ማውጣት የተማርኩት እዚያ ነው። የጎደለኝ ሰርቨርን በብዛትና በሥርዓት የማስተዳደር ልምድ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሁሉ ነገር ያበቃ መስሎኝ ነበር። ዞሮ ዞሮ በጣም የተማርኩት በእነዚያ ወራት ሆነ። አንድ አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ገዝቼ ሜሞሪውን ወደ 16 ጊጋባይት አሳደግሁ። ቨርቹዋልቦክስ የሚባለውን ፕሮግራም ጭኜ በአንድ ማሽን ውስጥ ሦስት ማሽኖች ፈጠርኩ፤ አንዱ የስም አገልግሎት የሚሰጥ (የኮምፒውተሮችን ስም ወደ አድራሻ የሚመልስ)፣ አንዱ ፋይል የሚያስቀምጥ፣ አንዱ ተጠቃሚ። ለዚህ ሁሉ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት መመሪያውን አብሮ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የእያንዳንዱ ትእዛዝ ማብራሪያ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ተቀምጧል። ዊንዶውስ ሰርቨርም ለሙከራ የሚሰጠው ቅጂ 180 ቀን ይሠራል፤ እሱ ግን በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት አንዴ በኢንተርኔት መረጋገጥ አለበት። የሚጫኑትን ፋይሎች ከጓደኛዬ በፍላሽ ተቀብዬ ነበር።

ከዚያ ሆን ብዬ ማበላሸት ጀመርኩ። የስም አገልግሎቱን አቆማለሁ፤ ዲስኩን እሞላለሁ፤ ሰዓቱን ወደ ኋላ እመልሳለሁ፤ ከዚያ ምን ምን እንደተናጋ እያየሁ እጠግናለሁ። በየጊዜው በተማሪ ደብተር ላይ አራት ነገር እጽፍ ነበር፦ ምን ሆነ፣ ምን አየሁ፣ ምን አደረግሁ፣ ለምን። አባቴ በጉባኤ ቤት የቆጠረው ቅኔ መምህሩ ፊት ቆሞ ካልነገረው እንደማይቆጠርለት ያጫውተኝ ስለነበር፣ የሠራሁትንም ለሌላ ሰው በሚገባ መንገድ ካልጻፍኩት እንዳልሠራሁት እቆጥረው ነበር። ሁለት ደብተር ሞላሁ። ኢንተርኔት ሲመለስ ከውስጡ አሥራ አንዱን መርጬ በእንግሊዝኛ ተርጉሜ ጊትሃብ ላይ (ባለሙያዎች ሥራቸውን ለሰው በሚያሳዩበት ድረ ገጽ) አኖርኩ። የዓለም አቀፍ ፈተናዎች ክፍያ በዶላር ስለሆነ ምንም የምስክር ወረቀት አልወሰድኩም። አቅም ላለው ሰው መውሰዱ ጥሩ ነው፤ በእኔ ቦታ ሆነው ሥራውን የሠሩልኝ ግን እነዚያ አሥራ አንድ ጽሑፎች ናቸው።

ማመልከት የጀመርኩት በጥቅምት 2017 ነው። የመጀመሪያዎቹን አርባ ያህል ደብዳቤዎች ያለ ጥቅም አባከንኳቸው። «የርቀት ሥራ» የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር አንድ ዓይነት ሲቪ እልክ ነበር። የማስታወቂያውን የመጨረሻ መስመር ባለማንበቤ ነው እንጂ አብዛኞቹ ሥራው የርቀት ቢሆንም አመልካቹ በዚያው አገር የሚኖር መሆን እንዳለበት ይናገራሉ። ምክንያቱ የግብር ሕግና የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ነው፤ ጥላቻ አይደለም። ይህን ስረዳ ሁለት ነገር ለወጥኩ። አንደኛ፣ ራሴን እንደ ቋሚ ሠራተኛ ሳይሆን በውል እንደሚሠራ ባለሙያ አድርጌ አቀረብኩ። ሁለተኛ፣ ትልልቅ ኩባንያዎችን ትቼ የብዙ ትንንሽ ቢሮዎችን ኮምፒውተር በኮንትራት ወደሚያስተዳድሩ ጥቂት ሰዎች ወዳሏቸው ድርጅቶች ዞርኩ። እነዚህ ሁልጊዜ የሰው እጥረት አለባቸው፤ ደብዳቤውንም የሚያነበው ባለቤቱ ራሱ ነው።

የደብዳቤዬም ይዘት ተለወጠ። ስለ ራሴ ከማውራት ስለ ሰዓት ማውራት ጀመርኩ። እኛ ከዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ሆላንድ ወይም ጀርመን ያለ ድርጅት በእነሱ በጋ (ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ) አንድ ሰዓት፣ በእነሱ ክረምት ሁለት ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ነው። እኔ ጠዋት በ1 ሰዓት ሥራ ስጀምር እነሱ ገና ተኝተዋል። ስለዚህ «ደንበኞቻችሁ ቢሯቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሌሊቱን የተወሰደው መጠባበቂያ ቅጂ በትክክል መቀመጡን አረጋግጬ፣ የተበላሸውን ለይቼ እጠብቃችኋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አሜሪካ ለሚገኙት ደግሞ ከዚህ የተሻለ አለ። ኒው ዮርክ እኩለ ሌሊት ሲሆን እኛ ጋ እንደ ወራቱ ጠዋት 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። ሰርቨር አጥፍቶ ማሻሻያ የሚጫነው ሰው በማይጠቀምበት ሰዓት ስለሆነ፣ እነሱ እንቅልፍ አጥተው የሚሠሩትን እኛ ቁርሳችንን በልተን እንሠራዋለን። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ነው መልስ መምጣት የጀመረው።

ከሰዓት ሳልወጣ የሚያመኝን ልናገር። የመጀመሪያው ጥሩ ቃለ መጠይቄ ሰኞ መጋቢት 22 ቀን 2017 ነበር። በእነሱ ሰዓት ከረፋዱ አሥር ሰዓት ስለተባልኩ ሁለት ሰዓት ጨምሬ በእኛ ቀን 6 ሰዓት ላይ ሸሚዜን ተኩሼ ተቀመጥኩ። አውሮፓውያን ግን በፈረንጆቹ ማርች ወር የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋሉ፤ እሑዱ የዋለው በዋዜማው፣ መጋቢት 21 ነበር። ቀጠሮው 5 ሰዓት ላይ አልፏል። ይቅርታ ጠይቄ ጻፍኩ፤ ሌላ ቀጠሮ አልሰጡኝም። አልተቀየምኳቸውም፤ ሰዓት የሚያሳልፍ ሰው ሰርቨር ይጠብቅልናል ብለው ማመን ይከብዳቸዋል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ቀጠሮ በዓለም አቀፉ ሰዓት ጽፌ መልሼ እልክና «ልክ ነው?» ብዬ አረጋግጣለሁ። አሜሪካውያን ደግሞ ሰዓታቸውን የሚገፉት ከአውሮፓውያን ቀድመው በሌላ እሑድ ነው፤ በመጋቢትና በጥቅምት አካባቢ ቀጠሮ ያለው ሰው ሁለቴ ይቁጠር።

አሁን ወደ አባቴ ጥያቄ ልመለስ። ከአምስት ወር ፍለጋ በኋላ አሠሪው በእርግጥ የሚፈራው ምን እንደሆነ በእሱ ቦታ ሆኜ አሰብኩት። አለማወቄን ብቻ አይደለም የሚፈራው፤ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ድንገት መጥፋቴን ነው። የሚኖርበት አካባቢ መብራት የሚቋረጥበት፣ መስመር የሚጠፋበት ሰው ቁልፉን እንደያዘ ቢጠፋስ? ይህን ፍርሃት ለመደበቅ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ ሲቪዬ ላይ «ፈጣንና አስተማማኝ ኢንተርኔት አለኝ» ብዬ እስከ መጻፍ ደርሼ ነበር። እውነት አልነበረም። አጠፋሁትና በምትኩ «ብቋረጥ ምን ይሆናል?» በሚል ርዕስ አንድ ገጽ ጻፍኩ።

መብራቱን በተመለከተ፣ ራውተሬ በ12 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ በትንሽ ባትሪ ላይ እንደማቆየው፣ ላፕቶፔም በራሱ ባትሪ ሦስት ሰዓት እንደሚቆይ ገለጽኩ። የቤት መስመሩ ሲቋረጥ ወደ ስልክ ዳታ እሻገራለሁ። ሊኑክስን በጥልቀት የተማርኩትም ለዚህ ነው። የርቀት ዴስክቶፕ የስክሪን ሥዕል ስለሚልክ በቀጭን መስመር ይንቀረፈፋል፤ ከሩቅ ሰርቨር ጋር በጽሑፍ ትእዛዝ የሚያገናኘው ኤስኤስኤች ግን የሚያመላልሰው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ደካማ ዳታም ይበቃዋል። ቲመክስ የሚባለው መሣሪያ ደግሞ የጀመርኩትን ሥራ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ያቆየዋል፤ እኔ ብቋረጥም ሥራው አይቋረጥም፤ ስመለስ ካቆምኩበት አገኘዋለሁ።

ሁሉም መስመር ቢዘጋስ? የገጹ ግማሽ ለዚህ ነበር። በእኔ እጅ ብቻ የሚገኝ አንድም የይለፍ ቃል አይኖርም፤ ሁሉም በድርጅቱ የጋራ ማከማቻ ይቀመጣል። ከእኔ ጋር የሚሠራ ሁለተኛ ሰው በስም ይመደባል። መጠባበቂያ ቅጂው ተፈትኖ መመለሱ ሳይረጋገጥ አደገኛ ሥራ አልጀምርም። በየምሽቱ የት እንዳደረስኩ ግማሽ ገጽ ማስረከቢያ እጽፋለሁ። ከተቋረጥኩ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ በስልክ ድምፅ ወይም በአጭር መልእክት አሳውቃለሁ፤ ድምፄ ካልተሰማ ሁለተኛው ሰው ሥራውን ይረከባል፤ ከፈለጉም መግቢያዬን ይዘጉታል፤ ቅር አይለኝም።

በግንቦት መጨረሻ ለሐኪም ቤቶችና ለሒሳብ ቢሮዎች ኮምፒውተር የሚያስተዳድር አንድ የሆላንድ ድርጅት ጠራኝ። ባለቤቱ ስለዚያች ገጽ ነው መጀመሪያ ያነሣው። ከዚያ የሙከራ ሰርቨር ሰጠኝና «ዲስኩ ሞልቷል፤ አስተካክለው» አለ።

የዲስኩ መለኪያ መቶ በመቶ ሞልቷል ይላል። ፋይሎቹን በሙሉ ስደምራቸው ግን ግማሹን እንኳ አይሞሉም። ይህን ችግር በደብተሬ አውቀዋለሁ። አንድ ሰው ትልቅ የመዝገብ ፋይል ሰርዟል፤ ፋይሉን የሚጽፍበት ፕሮግራም ግን ገና አልለቀቀውም። ሊኑክስ ላይ የተከፈተ ፋይል ስሙ ቢሰረዝም ፕሮግራሙ እስኪለቀው ድረስ ቦታው አይመለስም። የምሠራውን ሁሉ እየተናገርኩ ነበር፤ «አሁን ይህን የማየው በዚህ ምክንያት ነው» እያልኩ። ፋይሉን የያዘውን ፕሮግራም አገኘሁት፤ አስቁሞ ማስነሣት ብቻ ቀረ። እዚያ ላይ የቤቱ መስመር ጠፋ።

ልቤ ደነገጠ፤ እጄ ግን የሚያደርገውን ያውቃል። ስልኬን አብርቼ በዳታ ተመለስኩ፤ ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ቲመክስ ካቆምኩበት መስመር ላይ ጠበቀኝ። «ይቅርታ፣ መስመሬ ተቋርጦ ነበር። አሁን በስልክ ዳታ ላይ ነኝ» አልኩ። ከዚያ ፕሮግራሙን ከማስነሣቴ በፊት «ይህን አገልግሎት በዚህ ሰዓት ማን ይጠቀምበታል? ባቋርጠው የሚጎዳ ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። ባለቤቱ ፈቀደ፤ ቦታው ተመለሰ። በኋላ ሥራውን ሲሰጠኝ እንደነገረኝ፣ ከእኔ ፈጥነው የጨረሱ ሌሎች አመልካቾች ነበሩ፤ ሳይጠይቁ አስነሥተውት ነበር። ሰኔ 2017 ላይ ውል ፈረምን፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሙከራ ነበሩ።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ፦ ክፍያዬ በባንክ ዝውውር ይመጣል። በውሉ፣ በመታወቂያውና በባንክ ሒሳቡ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። የእኔ አንድ ፊደል ስለተለየ የመጀመሪያው ክፍያ ተመልሶ ሄዷል። በመካከል ያሉ ባንኮች የሚቆርጡትን ማን እንደሚሸፍንም በውሉ ይጻፍ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ባንኮች የሚሰጡት ዋጋ ይለያያል፤ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በፍለጋዬ ወቅት በቴሌግራም «ለሥልጠና ትንሽ ክፈልና ሥራው ያንተ ነው» ያሉኝ ነበሩ፤ በስሜ የተከፈተ የሥራ መፈለጊያ ገጽ እንዳከራያቸው የጠየቁኝም ነበሩ። እነዚህን መራቅ ነው። እውነተኛ አሠሪ ከሠራተኛ ገንዘብ አይቀበልም፤ ስሙን ያከራየ ሰውም በኋላ የሚያሳየው ስም አይኖረውም።

አሁን አሥራ አራት ቢሮዎችን እጠብቃለሁ። ጠዋት በ1 ሰዓት ብርዱ ሳይለቅ ጋቢዬን ደርቤ የሌሊቱን የመጠባበቂያ ቅጂ ሪፖርት እከፍታለሁ። አባቴ ከማርቆስ ኪዳን አድርሶ ሲመለስ በደጄ በኩል ነው የሚያልፈው። መነጽሩን እያወለወለ ቆም ይልና «ሰዎችህ ደኅና አደሩ?» ይለኛል። ትናንት ሲጠይቀኝ «አሥራ ሦስቱ ደኅና ናቸው፣ አባዬ፤ የአንደኛው ሐኪም ቤት ቅጂ ግን መሐል ላይ ቆሟል» አልኩት። «እንግዲያስ ሥራ አላስፈታህ፤ ሰዎቹ ሳይነቁ ድረስለት» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋልኝ።