የጓሮዬ ጦቢያ

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለውን ጓሯችንን ያየ ሁሉ «ይሄን ጦቢያ ለምን አትነቅይውም?» ይለኛል። እኔ ደግሞ ከግቢው ተክል ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ወተታም ቁጥቋጦ ነው። በሩ ላይ ያለው ቡገንቪል ያምራል፣ አገሩ ግን ደቡብ አሜሪካ ነው። ጦቢያ የዚሁ የከተማችን ወንዝ፣ የደቻቱ አሸዋ ልጅ ነው። ማንም አልተከለውም፤ ነጭ ፀጉር ያለውን ዘሩን ነፋስ አምጥቶት ከአጥሩ ስር በቀለ። በበጋ ሌላው ሲጠወልግ እሱ ሰፋፊ ቅጠሉን ዘርግቶ፣ ጫፉ ወይን ጠጅ የሆነ ነጭ አበባውን ያወጣል።

ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ በርጩማዬን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። እንጨት በስታ የምትኖረው ትልቋ ጥቁር ንብ ከአበባው አትጠፋም። ጦቢያ የአበባ ዱቄቱን አይበትንም፤ በጥቃቅን ከረጢት ቋጥሮ እሷ ላይ ያጣብቀዋል፣ እሷም ለሚቀጥለው አበባ ታደርሳለች።

የምጓጓው ግን ለብርቱካንማዋ ቢራቢሮ ነው። የክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለበት፤ በእኛ በምሥራቁ በኩል ጥቁሩ ጫፍ የሌላትም አለች። እንቁላሏን አንድ በአንድ ቅጠሉ ላይ ትጥላለች። የሚፈለፈለው ትል ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ቀለበት አለው፣ ጀርባው ላይም ሦስት ጥንድ ጥቁር ቀንድ መሳይ ነገር። ቅጠሉን ሲበላ የወተቱን መርዝ በሰውነቱ ያከማቻል፣ ቢራቢሮ ሲሆንም አብሮት ይቆያል። አንዴ የቀመሳት ወፍ ሁለተኛ አይነካትም። ለዚህ ነው እንደ ባለርስት እመቤት ቀስ ብላ የምትበረው።

ይህን የምትጠቀምበት ሌላ ቢራቢሮ መኖሯ እስካሁን ይደንቀኛል። መርዝ የላትም፤ ሴቷ ግን ቁርጥ ብርቱካንማዋን ትመስላለች። ወንዱ ፈጽሞ ሌላ ነው፦ ጥቁር ክንፍ፣ ትልልቅ ነጭ ክብ፣ ዙሪያው ሐምራዊ የሚያብለጨልጭ። ሁለቱን ሴቶች የምለየው በኋላ ክንፋቸው ነው። የእውነተኛዋ መሐሉ ላይ ሦስት ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች አሉት፣ የአስመሳይዋ አንድ ብቻ። ክንፏን ዘርግታ እስክታርፍ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እኔም እጠብቃለሁ።

ጎረቤታችን «ልጄ፣ ወተቱ ዓይን ያጠፋል» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ዓይን ክፉኛ ይጎዳል። ስለዚህ ልጆች ሲመጡ እንዲያዩ እንጂ እንዲነኩ አልፈቅድም። ወደ መንገዱ የሚወጣውን ቅርንጫፍ ደግሞ ራሴ በጓንት እቆርጣለሁ፤ መጀመሪያ ግን የእያንዳንዱን ቅጠል ሆድ ገልብጬ አያለሁ፣ ትል ካለበትም ቅጠሉን ከነትሉ ወደ ዋናው ግንድ አዛውራለሁ።