ሚያዝያ 27፣ ሁለት ጊዜ

ዛሬ ሥራ የለም። ቡና እስኪፈላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ሳይ አያቴ ትዝ አለችኝ።

አያቴ ዓመተ ምሕረት ይምታታባት ነበር። ቀን ግን አትስትም። «ጠላት የገባው በመድኃኔዓለም ዕለት ነው፤ ጃንሆይም የገቡት በመድኃኔዓለም» ትለኝ ነበር። መድኃኔዓለም በየወሩ በ27 ስለሚውል ልጅ ሆኜ ብዙም አልደነቀኝም። ወሩም አንድ መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ ማክሰኞ ዕለት ነው። ንጉሡ በባቡር ወደ ጅቡቲ ከሄዱ ገና ሦስት ቀናቸው ነበር። በእንጦጦ በኩል ተመልሰው የገቡት ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ሰኞ። ልክ አምስት ዓመት። አንድ ቀን አልጎደለ፣ አንድ ቀን አልተረፈ።

ይሄ እንዲሁ የተገጣጠመ አይደለም። ጣልያን ከተማዋን ያስረከበው ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 28 ነው። እንግሊዞች በከተማው ላሉት ጣልያናውያን ሰግተው ንጉሡን አዘገዩአቸው። በመጨረሻ ለመግቢያ የተመረጠችው ግን ያቺው ቀን ሆነች።

በደርግ ዘመን በዓሉ ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ነበር። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ከተማዋ ከጠላት እጅ የወጣችው ያን ቀን ነው። እኔ ግን ከአያቴ ጋር ነኝ። በመሃል ያሉትን ዓመታት ሳስብ ሚያዝያ 27 ትበልጥብኛለች። በተለይ የ1929ኙ። የካቲት 12 ካለፈ ሁለት ወር ተኩል ብቻ ነው። በሦስት ቀን ያ ሁሉ ሰው ያለቀባት ከተማ ናት። ለቅሶው ከየቤቱ ሳይወጣ ያቺ ቀን ደረሰች። የዚያን ጠዋት መድኃኔዓለምን ሊሳለሙ የወጡ እናቶች ምን ብለው ለምነው ይሆን? አርበኞቹስ የሸዋ ጫካ ውስጥ ሆነው ቀኑን ቆጥረውት ይሆን? ይሄን አያቴን ሳልጠይቃት መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከሰዓት አራት ኪሎ ሄጄ ሐውልቱ ጋ ትንሽ ቆምኩ። ቤት ስመለስ እርሳስ አንስቼ የቀን መቁጠሪያው ላይ ከ27 ሥር 1928 ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ 1933። ቆይቼ በመሃላቸው 1929ን ጨመርኩ።