ተርሞስታቷን ማን አወጣት?

ሰሞኑን ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ምክንያቱን ብጠየቅ ክረምቱ ነው እላለሁ፤ ጅማ ላይ ክረምት ከገባ ሰበብ አይጠፋም። ዋናው ግን አሮጊቷ ላንድክሩዘር ናት። ቴስታታዋ፣ ማለትም የሞተሯ ራስ፣ ወርዶ፣ ስድስቱም ፒስተን ጥላሸት ለብሰው ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ መዋል ለማንም ደስ አይልም።

ሞተሯ የቶዮታው 1ኤችዜድ ነው፤ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። ዕድሜዋን በፕሮጀክት አገልግላ በጨረታ የወጣች ላንድክሩዘር ሌላ ምን ሊኖራት። ዘይቱን በጊዜው ካገኘ ይህ ሞተር በቀላሉ እጅ አይሰጥም፤ የሚገድለው ሙቀት ነው።

ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ መበላቱን ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ማስነሳትና ውሃውን ማየት ነው። አረፋው ካላቋረጠ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ውሃው ገና ሳይሞቅ የላይኛው ጎማ ከተወጠረ፣ ከሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ማኪያቶ የሚመስል ነገር ከወጣ ደግሞ ውሃው ዘይት ውስጥ ገብቷል፤ በዚያ ዘይት አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መሄድ ብሮንዚኖቹን፣ የኮሎው ዘንግ የሚሽከረከርባቸውን ስስ ሽፋኖች፣ መጨረስ ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ የሚታይ ነጭ አረፋ ግን አያስደነግጥም። በዚህ እርጥበት አጭር አጭር መንገድ እየሄደች በደንብ የማትሞቅ መኪና ሁሉ እንዲያ ታደርጋለች።

ቴስታታው ሲፈታ ቡሎኖቹ ከሁለቱ ጫፎች ወደ መሀል፣ በዙር በዙር ይላላሉ፤ ሲታሰር ደግሞ ከመሀል ወደ ጫፍ። በአንድ ጊዜ የፈታ ሰው ቴስታታውን ራሱ ያጣምመዋል። የቫልቮላዎቹ (አየር የሚያስገቡና ጭስ የሚያስወጡ በሮች) አሥራ ሁለት ሺሞች፣ ክፍተት ማስተካከያዎቹ ስስ ብረቶች፣ በየተራቸው፣ በቁጥር፣ ካርቶን ላይ ይቀመጣሉ። ቫልቮላ መቀመጫው ላይ ሲፈጭ ወደ ላይ ስለሚወጣ ክፍተቱ ይጠባል፤ ያኔ ቀጠን ያለ ሺም ይፈለጋል። ልኩ ሞተሩ ቀዝቅዞ ለማስገቢያው 0.20፣ ለማስወጫው 0.40 ሚሊሜትር አካባቢ ነው።

ቀጥሎ መላግ፣ የቴስታታውን ፊት በማሽን ማስተካከል፣ ይመጣል። ላጊው ጋሽ ተ. ቴስታታ ማሽኑ ላይ ካወጣ ማውረድ አይሆንለትም፤ «ትንሽ ላብሰው» ይላል። ከማበሱ በፊት ቀጥ ያለ ብረት በርዝመቱም በሰያፉም አጋድሞ ሥሩ ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ፣ ውፍረታቸው በታወቀ ስስ ብረቶች፣ መለካት ነው። 0.05 ሚሊሜትሩ ካልገባ ተዉት። 0.10 ከገባ ይላግ፣ ግን እስኪስተካከል ብቻ። የዚህ ሞተር ፒስተኖች ላይ ሲደርሱ ከብሎኩ ወለል ብቅ ይላሉ፤ ቴስታታው በቀጠነ ቁጥር ቫልቮላና ፒስተን ይቀራረባሉ። ስለዚህም ነው ጓርኒሲዮኑ በሦስት ውፍረት የሚመጣው፤ ቢ፣ ዲ እና ኤፍ ተብሎ ምልክት ይደረግበታል፤ የሚመረጠውም ፒስተኑ ምን ያህል ብቅ እንዳለ በዳያል ጌጅ ተለክቶ ነው። ሱቅ ሄዶ «የኤችዜድ ጓርኒሲዮን ስጠኝ» ማለት ቁጥሩን ሳይናገሩ ጫማ መግዛት ነው። ምልክት የሌለውን «ኦሪጅናል ነው» እያሉ የሚሸጡትን ደግሞ እግዜር ይያቸው።

የቡሎኖቹ ጉድጓዶች ይጽዱ። ውሃ ወይም ዘይት የተኛበት ጉድጓድ ውስጥ ቡሎን ሲገባ ፈሳሹ መውጫ ያጣል፤ ጥብቀቱን የሚለካው ቶርክ ቁልፍ «ጠብቋል» ይላል፣ ቴስታታው ግን አልጠበቀም። ሲብስ ብሎኩ ይሰነጠቃል። በኮምፕሬሰር መንፋት የደቂቃ ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ ልጽፍ ተቀምጬ ሐሳቤ የሚሸሸው ወደ ተርሞስታቷ፣ የሞተሩን ውሃ እንደ ሙቀቱ ወደ ራዲያተሩ ወደምትለቀው በር፣ ነው። ቤቷ ተከፍቶ ሲታይ ባዶ ነው። አንድ ሰው አውጥቶ ጥሏታል።

ልማዱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መኪና ሞቀች ሲባል መጀመሪያ የምትባረረው ተርሞስታት ናት። እዚሁ ጅማ ሰፈር ለሰፈር፣ ከአጂፕ መርካቶ ሲኬድ፣ የሙቀት ጌጁ ስለሚወርድ መድኃኒቱ የተገኘ ይመስላል። የዚህ ሞተር ተርሞስታት ግን ሁለት ሥራ አላት። ስትሞቅ የራዲያተሩን መንገድ ትከፍታለች፣ በጀርባዋ ደግሞ የባይፓሱን፣ ራዲያተሩን ዘልሎ የሚያልፈውን መንገድ፣ ቀዳዳ ትዘጋለች። ከሌለች ባይፓሱ ክፍት ይቀራል፤ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ትኩሱን ተመልሶ ሞተር ይገባል። ሜዳ ላይ አይታወቅም። የጊቤን ዳገት ጭነት ይዛ በሁለተኛ ማርሽ ስትወጣ ግን ራዲያተሩ ከሚደርሰው ውሃ ውስጥ ያ የጎደለው ይፈለጋል። ሜዳ ላይም ቢሆን ቀዝቅዞ የሚሠራ ናፍጣ ሞተር ነዳጅ ያባክናል፣ ፋሻና ካሚሻውንም (የፒስተኑን ቀለበትና የሲሊንደሩን ግድግዳ) ይበላል።

ደግሞ ከፍታው አለ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። 0.9 የተጻፈበት ደህና የራዲያተር ክዳን ግፊት ሲይዝ መፍያውን ወደ 115 ይገፋዋል። ጎማው ያለቀ ክዳን በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲዘጋ ያ ሁሉ ይቀራል። ከራዲያተሩ ውሃ ጋር የሚጨመረውን ኩላንት «ለብርድ አገር ነው» የሚሉም አሉ፤ ዝገቱን የሚከለክለው እሱ መሆኑን የራዲያተሩ ቱቦዎች ከተደፈኑ በኋላ ነው የሚያምኑት።

አሁን የሚያብሰለስለኝ ይህ ነው። ተርሞስታት የሚፈተነው ድስት ውስጥ ተነክሮ ነው። 82 የተጻፈባት 82 አካባቢ መከፈት ትጀምርና ሙሉ በሙሉ የምትከፈተው 95 ላይ ነው፤ 88 የተጻፈባት ደግሞ ወደ 100 ትጠጋለች። እዚህ ግን ድስቱ ከ94 አያልፍም። አዲስ አበባ ላይ ከሆነማ ወደ 92 ይወርዳል። ውሃው እየተንፈቀፈቀ በግማሽ ተከፍታ የቆመች ደህና ባለ 88 ተርሞስታት ያየ መካኒክ «ሞታለች» ቢል ይፈረድበታል? ቴርሞሜትር ከሌለው መፍላት ማለት 100 ነው ብሎ ተምሯል።

እና ያ ሰው ሰነፍ ነበር ወይስ ድስት ጥዶ የጠበቀ ጠንቃቃ? ቴስታታው መሬት ላይ ተጋድሞ፣ እኔ ስሙን እንኳ ለማላውቀው መካኒክ ጥብቅና ቆሜ እያመሸሁ ነው።